እንክርዳድ በቬልድሁክ

ምን ረስታ ይሆን?

ዊሌሚን ከጥጃ ጋጣው ወጥታ አስፋልቱ እስክትደርስ ብስክሌቷን እየነዳች ይህንኑ ራሷን ጠየቀች። ፍላሹ በኮቷ የውስጥ ኪስ አለ። የጋጣውን በር ቆልፋለች። ጭቃው ላይ ዱካ አልተወችም፤ በሣሩ ጠርዝ ጠርዝ ነው የሄደችው። ሁሉን እንደተማረችው አድርጋለች። ኪሷን ግን ደግማ ዳሰሰች። አንዳንዴ ሆድ የሚያውቀውን ጭንቅላት ዘግይቶ ነው የሚሰማው።

አርብ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

በሩርዲንኮች እርሻና በቬልድሁክ መንደር መካከል፣ መንገድ ዳር፣ የእንቁላል ቁም ሳጥን አለ። ሻጭ የለውም። አርቢው እንቁላሉን አስቀምጦ ይሄዳል፤ መንገደኛው ሂሳቡን ቆርቆሮው ውስጥ ጥሎ የሚፈልገውን ይወስዳል። እዚህ ሰው ሰውን ያምናል። ሰላይም የሚኖረው በዚሁ እምነት ላይ ነው፤ መዥገር በላም ጆሮ ውስጥ እንደሚኖረው።

ክዳኑ የተቀደደውን ካርቶን አነሳች። ፍላሹን ከእንቁላሎቹ ሥር አስገባች። መልሳ አስቀመጠችው።

ከኋላዋ ብስክሌት ፍሬን ያዘ።

ዞር አላለችም።

«እንቁላሉ የዛሬ ነው?»

«የትናንት ነው። ለኬክ ግን ይሆናል።»

ቢጫ የእሽቅድድም ልብስ የለበሰ ሽበታም ሰው ነው። የተቀደደውን ካርቶን አነሳ።

«አናጢው አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብሏል» አለ። «ማንኪያውን ሌላ ማሽን ላይ ሞከርሽው?»

«ሞክሬዋለሁ። ላሞቹን የሚያልበው ሮቦት ማሽን ላይ ሰካሁት። ተከፈተ።»

«ጎበዝ።»

ፈገግ አለና ካርቶኑን በጀርባ ቦርሳው ከትቶ ሄደ። ፈገግታው አላማራትም። አንዲት ሴት እንደታዘዘችው ስላደረገች ብቻ ሰው እንደዚያ አይደሰትም።

በስለላ መሥሪያ ቤቱ ሽመላ ትባላለች። ቬልድሁክ ውስጥ ዊሌሚን ሆፍታይዘር ናት፤ ቤት ለቤት እየዞረች አቅም ያነሳቸውን የምታግዝ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት። መልኳ የሰው አክስት ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ከሽጉጥ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። አራት ወር ሙሉ በየማለዳው ሩርዲንክ ቤት ትገባለች። ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላቸውን የእማማ ዲናን ያበጡ እግሮች ጠባቡን የሐኪም ካልሲ ታለብሳለች። ትራሳቸውን ታነሳለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች። ሌላ ሰው ሆነው የገቡበት ቤት ውስጥ እውነተኛ ነገር መሥራት ያስቸግራል፤ እሷ ግን ካልሲውን በእውነት ነበር የምታለብሰው።

ዒላማዋ እሳቸው አይደሉም። ዒላማዋ የምትጦራቸው የልጅ ልጃቸው ማይኬ ናት።

ማይኬ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ስልሳ ላሞች አሏት፤ በባዶው የድሮ የጥጃ ጋጣ ደግሞ ስምንት ኮምፒውተሮች። መሥሪያ ቤቱ እንደሚለው እዚያ ውስጥ እንክርዳድ ታበቅላለች። ስሙን ያወጡት እነሱ ናቸው። ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም ነው፤ ስንዴ መስሎ በቅሎ፣ ሰው እስኪነቃ ማሳውን የሚሞላ።

«ልትሸጠው ነው» አላት አለቃዋ ፈርሁልስት። የምስጢር ስሙ አናጢ ነው። «አንቺ ናሙና ብቻ ታመጫለሽ። ይህ ፍላሽ ማንኪያ ነው። ከድስቱ ትንሽ ይቀምሳል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። ከዚያ ቅጂው አለመበላሸቱን ሌላ ማሽን ላይ ሰክተሽ አረጋግጪ።»

አረጋገጠች። ታዛዥ ሴት ናት። ታዝዞ የተሠራ ጥፋት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሪኪ ልደት ነበር። ሪኪ የሀርመን ሚስት ናት፤ ሀርመን ደግሞ ለእማማ ዲና ቤት የመጀመሪያው ጎረቤት ነው። የመጀመሪያ ጎረቤት መሆን በዚያ መንደር ቀልድ አይደለም። ልጅ ሲወለድ እንደ ክንድ የረዘመ ዘቢብ ዳቦ ተሸክሞ የሚመጣው፣ ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚያወጣው እሱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን እዚያ እንደ ሕግ ነው የሚኖሩት።

ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። ዊሌሚን ባለልደቷን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠውን ሁሉ በየተራ እየጨበጠች እንኳን ደስ አላችሁ ብላ ተቀመጠች።

«ሮቦቴ ጨዋ ሆኗል» አለ ሀርመን ኬክ እየቆረሰ። «በየሰዓቱ ስልኬ ላይ እየጮኸ ነፍሴን ሊያወጣት ነበር። ላም ቁጥር ሰባት ረገጠችኝ፣ ላም ቁጥር አሥር ዘገየች፣ ቱቦው ቆሸሸ። ዛሬ ያችን የጠዋት እርግጫ ካወራ በኋላ ትንፍሽ አላለም።»

«ከእኔ ተምሮ ነው» አለች ሪኪ። «አርባ ዓመት ተናግሬ የሚሰማኝ ስላጣሁ እኔም ትቼዋለሁ።»

ክቡ ሳቀ።

«የእኔም ከትናንት ወዲህ ዝም ብሏል» አለ ታይስ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው አርቢ።

ዊሌሚን ሹካዋን አስቀመጠች።

«የአንተን እኔን ጠይቀኝ» አለው ሀርመን። «ትናንት አንተ ሠርግ ስትጨፍር ላሞችህን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ በስልኬ ነው የጠበቅኩልህ። ዊሌሚን፣ ለከተማ ሰው እንዳትነግሪብን እንጂ አሥራ ሁለታችንም የይለፍ ቃላችን አንድ ነው። የሞተው ውሻዬ ስም።»

«ከነሞተበት ዓመቱ» አለ ታይስ። «ሞቶም እየጠበቀን ነው ምስኪን።»

አብራቸው ሳቀች። የሳቀችው ግን በአፏ ብቻ ነበር። የይለፍ ቃሉን ነገር ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ታውቀዋለች። ለመሥሪያ ቤቱ የጻፈችውም ራሷ ናት። አሥራ ሁለት እርሻ፣ አንድ የይለፍ ቃል፣ አንዱ የሌላውን ላም እንዲያይለት። ደስ የሚል ወሬ ብላ ነበር የጻፈችው። አናጢውም «ደስ የሚል ሕዝብ» ብሎ መልሶላት ነበር።

ለምን ጻፈችው? ሳትጽፈው ብትቀር ማን ይጠይቃት ነበር?

ሰኞ መጣ። የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እማማ ዲና እግራቸውን ጉልበቷ ላይ አሳርፈው ዊሌሚን ካልሲውን ትጎትትላቸዋለች።

«ቀስ በይ ልጄ። እግር ነው እንጂ የቋሊማ አንጀት አይደለም።»

«ተረከዙ አልፏል። ትንሽ ቻል ያድርጉት።»

«ችዬ ችዬ ነው ሰማንያ ስድስት የደረስኩት።»

ማይኬ በጓሮ በር ገባች። የእንጨት ጫማዋን አላወለቀችም። እማማ ዲና እግሯን አይተው ቅንድባቸውን አነሱ፤ በዚያ ቤት ጫማ ሳያወልቅ ወጥ ቤት የገባ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ሰው ሞቶበታል።

«ሮቦቱ ሦስት ቀን አላማረረም» አለች።

«ተመስገን አይባልም?»

«አያቴ፣ ጤነኛ ሮቦት ያማርራል።»

ተመልሳ ወጣች። ዊሌሚን ሁለተኛውን ካልሲ እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ሻይ ቀድታ ተከተለቻት።

ማይኬ ላም ቤቱ ውስጥ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣ የሮቦቱ ማያ ላይ አፍጥጣለች። ፊቷ እንደ ወተት ነጥቷል።

«ምን ሆነሻል?»

ለማን ትንገር? ጓደኞቿ በየከተማው ተበትነዋል። አያቷን አራት ወር ያነሳች ያስቀመጠች ሴት ደግሞ ሻይ ይዛ ፊቷ ቆማለች። ነገረቻት።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው መጣ። የትልልቅ ድርጅቶችን የኮምፒውተር በር ጥንካሬ የሚፈትሽ ኩባንያ አለኝ አላት። አንድ ነገር ሥሪልኝ አላት፤ ሠራችለት። በኋላ ኩባንያ የሚባል ነገር እንደሌለው ደረሰችበት። ስልኳን ቀይራ፣ የነበረውን ቅጂ ሁሉ ይዛ አያቷ ዘንድ መጣች። ምንም የኢንተርኔት ሽቦ በማይደርስበት ጋጣ ውስጥ ዘጋችበት።

«ለምን አላጠፋሽውም?»

«ሌላ ሰው ቀጥሮ መልሶ ቢያሠራውስ? መድኃኒቱን ሳልፈልግለት በሽታውን ባጠፋው፣ ሲመጣ ባዶ እጄን ነው የሚያገኘኝ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ሌላው ቫይረስ ሰው እስኪከፍተው ይጠብቃል። ይሄ አይጠብቅም። አንድ ቤት ከገባ በጓሮ ወጥቶ ጎረቤቱን ያንኳኳል። ቤት ውስጥ የተረሳ ቁልፍ ካገኘ በቁልፍ ይገባል፤ ካላገኘ ያልተዘጋ መስኮት ይፈልጋል። እዚያም ይወልዳል። ልጁም እንደሱ።»

ዊሌሚን የልጆቿ ትምህርት ቤት ትዝ አላት። አንድ ልጅ ቅማል ይዞ ይመጣል፤ በሳምንቱ ክፍሉ በሙሉ ራሱን ያካል።

«ጠባቂ የለም እንዴ?»

«ጠባቂው የሌባ ፎቶ ይዞ ነው በር ላይ የሚቆመው። ይሄ በወለደ ቁጥር መልኩን ይቀይራል፤ ሁለት ልጆቹ አይመሳሰሉም። አዋቂዎች ሊመረምሩት ወደ ዝግ ቤት ሲያስገቡት ያውቃል፤ እንደ ሞተ ይተኛል። የሚንቀሳቀሰው ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ብቻ ነው። ላም ሲታለብ፣ ግርግር ሲሆን። ደወሎቹን ደግሞ አይሰብራቸውም፤ የተሰበረ ደወል ያስታውቃል። አፋቸውን ይይዛቸዋል።»

ሮቦቱን በአገጯ አመለከተች።

«ታስሮ ነበር» አለች። «አጥር አጥሬለት ነበር። የሆነ ሰው አጥሩን ፈትቶ፣ ተሸክሞ እዚህ አመጣው። በእጁ።»

በእጁ።

ዊሌሚን እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«የት ደርሷል?»

«አሥራ ሁለቱም እርሻ ገብቷል። ከዚያ የወተት ማቀዝቀዣዎቹን ከሩቅ የሚቆጣጠረው ድርጅት ዘንድ ሄዷል። ድርጅቱ የሆስፒታሉንም ይቆጣጠራል። የደም ማቀዝቀዣ፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ። እዚያም ገብቷል። ተኝቷል።»

«እስከ መቼ?»

«ዛሬ ስድስት ሰዓት። ነቅቶ የገባበትን ሁሉ ይቆልፋል።»

ለዊሌሚን ገባት። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ በመላው አገር የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኑ ይሞከራል። ይጮኻል፣ ማንም ከሳህኑ ቀና አይልም። ጠላት ብልህ ከሆነ ሰኞ ስድስት ሰዓት ይመጣል፣ እኛም ሾርባ እንጋብዘዋለን ይላል ሀርመን ሁልጊዜ።

«ሰዓቱን የመረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«ያን ጊዜ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር» አለች ማይኬ። «ሰው ደወል የማይሰማበትን ሰዓት ፈለግኩ። አገሬን አውቃታለሁ።»

ዊሌሚን ከመኖ ክምሩ ጀርባ ቆማ ሁለተኛውን፣ የምስጢሩን ስልክ አወጣች። አራት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ሽመላ ነኝ» አለች። «ማንኪያው ድስቱን መርዞታል።»

በስልኩ ውስጥ የወንበር ድምፅ ሰማች።

«እየተከታተልነው ነው» አለ ፈርሁልስት። «አካሄዱ ግሩም ነው።»

ግሩም።

«አውቀህ ነው የላክኸኝ?»

«እንዲህ ያለ ነገር ሜዳ ላይ ሳይሮጥ ምን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ቀን ይሩጥ። ስሙ የእሷ ነው፤ የእኛ አይደለም።»

«ሆስፒታሉስ?»

«ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይደናገጣሉ። ማታ ልጅቷን እናመጣታለን። ያኔ ማቆሚያውን ለምና ትነግረናለች።»

«ከሰዓት በኋላ ደም የሚያስፈልገው ሰው ቢኖርስ?»

«ሽመላ። የጎረቤቶቹን የይለፍ ቃል የጻፍሽልን አንቺ ነሽ። ማሽኑ ላይ የሰካሽውም አንቺ ነሽ። አፍሽን ብትከፍቺ በማን ላይ ነው የምትመሰክሪው?»

የመኖውን ክምር ተደገፈች።

«አሁኑኑ አሳምኛት እንድታቆመው አደርጋለሁ» አለች በመጨረሻ። «እሷን ግን አትነኳትም። ቃል ግባልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

ቶሎ ነው ያለው። ቃል እንዲህ ሲረክስ መጠርጠር ነበረባት። ግን ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል።

ወጥ ቤት ስትገባ ማይኬ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ጭንቅላቷን ይዛለች። እማማ ዲና ከወዲያ በኩል ድንች ይልጣሉ።

በሥልጠናው ደጋግመው የነገሯት አንድ ነገር ነበር። ሽፋንሽን በራስሽ አፍ ከገለጥሽ የለሽም። ጡረታ የለሽም፣ ስም የለሽም፣ የሚያውቅሽ የለም።

«ማይኬ» አለች። «አጥሩን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

የእማማ ዲና ቢላ ቆመ።

ሁሉንም ተናገረች። ማንኪያውን፣ እንቁላሉን፣ የሞተውን ውሻ ስም፣ አናጢውን። አላለቀሰችም። በዚያ ክፍል ውስጥ ማልቀስ የሚገባት እሷ እንዳልሆነች ታውቃለች።

«አራት ወር» አለች ማይኬ። «የአያቴን እግር እየዳበስሽ።»

«አዎ።»

«ለልደቴ ጓንት ሠርተሽልኛል።»

«እሱ የእውነት ነው።»

«እንዴት ነው የምለየው?»

ዊሌሚን የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ማቆሚያ አለው?» ስትል ጠየቀች። «ካለው አሁን ነው።»

ማይኬ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች።

«አለው። ከመንቃቱ በፊት ኢንተርኔት ላይ አንድ አድራሻ ሄዶ ይጣራል፤ ቤቶች ብሎ። አቤት የሚለው ካገኘ ራሱን አጥፍቶ ይሄዳል። አድራሻውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ ባዶ ነው።»

«ለምን አልከፈትሽውም?»

«የሚከፈተው በስሜና በፊርማዬ ነው፤ ያኔ እንደዚያ ነው የሠራሁት። ከከፈትኩት ይህን ነገር የዘራው ማን እንደሆነ ሁሉም ያያል። ያ ሰውዬም፣ የእናንተም ሰዎች። መብራት አብርቼ ኑ ውሰዱኝ እንደማለት ነው።»

«ቃል ገብተውልኛል። አይነኩሽም።»

ማይኬ አየቻት። በንዴት አይደለም። ሕፃን የማይሆን ነገር ሲናገር እንደሚታየው ነው ያየቻት። ዊሌሚን ከጥፊ ይልቅ ያ አመማት።

«የታይስ ልጅ» አሉ እማማ ዲና። «ትናንት ለወሊድ ሆስፒታል ገብታ የለም? ዛሬ በኦፕራሲዮን ያወልዷታል አሉ።»

ማይኬ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ» አሉና የላጡትን ድንች ውሃ ውስጥ ጣሉት።

ማይኬ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች።

«አድራሻው ስሙ ማነው?» አሉ አያቷ።

«ሄልካ።»

«ያቺ ረጋጭ ላም? ሦስት ባልዲ የሰበረችብኝ?»

«ማንም አይገምተውም ብዬ ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። እሷን በደህና የሚያነሳ የለም።»

አምስት ሰዓት ሆነ። ስሟን ጻፈች፤ መታወቂያዋን አስገባች፤ ፈረመች። ማያው «ይጠብቁ» አላት። ከደቂቃዎች በኋላ ፊርማውን እንደገና ጠየቃት። እንደገና ፈረመች።

አምስት ተኩል። ይጠብቁ።

አምስት ከአርባ አምስት። ዊሌሚን ስልኩን ከፍታ ሆስፒታሉ ደወለች። የተማረች ወጣት ድምፅ በትሕትና አዳመጠቻትና ማቀዝቀዣዎቹ ደህና መሆናቸውን፣ አንድም ማስጠንቀቂያ እንዳላሳዩ ነገረቻት።

አንድም ማስጠንቀቂያ።

«ቢከፈትም እንኳ» አለች ማይኬ ከማያው ሳትነቀል፣ «ወሬው ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይደርስም። ዘግይቶ የሚደርሰው ይኖራል።»

አምስት ከሃምሳ ሦስት።

አምስት ከሃምሳ ስድስት።

ማያው አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ሳይረኑ ጮኸ።

የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። የጎረቤት ውሾች እንደ ልማዳቸው አብረው ማላዘን ጀመሩ። ሦስቱ ሴቶች ጠረጴዛውን ይዘው ቆሙ። ሳይረኑ ወጣ፣ ወረደ፣ ቀጠነ። ዝም አለ።

ከላም ቤቱ አንድ ድምፅ መጣ። ጢጥ።

ከዚያ ሁለት። ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። ሮቦቱ የሦስት ቀን ቅሬታውን በአንድ ጊዜ ይዘረግፈው ጀመር።

ማይኬ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። የቤቱ ስልክ ጮኸ፤ ዊሌሚን አነሳችው። ሀርመን ነው።

«ይሄ ማሽን አብዷል» አለ። «ላም ቁጥር ሰባት ቅዳሜ ከሰዓት ረገጠችኝ ብሎ አሁን ነው የሚከሳት። ፍርድ ቤት ላቁማት?»

«ይጩኽ ተወው» አለችው። «ይጩኽ።»

የሰባት ሰዓቱ ሬዲዮ የሆስፒታሉን ወሬ ይዞ መጣ። አንድ የደም ማቀዝቀዣ በሩ ተቆልፎ መሞቅ ጀመረ። በኮምፒውተር የማይሠራው የግድግዳ ደወል ሃያ ደቂቃ ጮኸ። የሰኞው ሙከራ መስሏቸው የሄደ ሰው አልነበረም። አርባ ከረጢት ደም ተጣለ፤ ሌላ ከሌላ ከተማ እየመጣ ነው። የሞተ ሰው የለም አለ ሬዲዮው።

ዊሌሚን አርባውን ከረጢት በዓይነ ሕሊናዋ አየቻቸው። እያንዳንዱ ክንዱን የሰጠ ሰው ነበረው።

ሬዲዮው ሳይዘጋ ሁለት ግራጫ መኪኖች ግቢው ገቡ።

ፈርሁልስት ራሱ ነው የመጣው። አምስት ሰዎች ይዟል። ዊሌሚን በሩ ላይ ቆመችበት።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር» አለችው በዝግታ።

አላያትም። ግድግዳ እንደሚያልፍ አለፋት።

«ይህችስ ማናት?» አለው ከሰዎቹ አንዱ።

«አስታማሚ ናት» አለ። «ተዋት።»

በቃ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለችበት ነገር በሦስት ቃል አለቀ። ስሟንም የጠየቃት የለም።

ስምንቱን ኮምፒውተሮች ከጋጣው አወጡ። ላፕቶፑን ወሰዱ። ከዚያ ወደ ላም ቤቱ ገብተው የሮቦቱንም ማሽን ነቅለው አወጡት።

«እሱን ከወሰዳችሁት ላሞቹ አይታለቡም» አለች ማይኬ።

«ማስረጃ ነው» አላት ፈርሁልስት።

ማይኬ የአያቷን ግንባር ሳመች። እማማ ዲና ጉንጯን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ለመልቀቅ ጊዜ ወሰደባቸው። ዊሌሚን አጠገብ ስትደርስ ማይኬ ቆም አለች።

«ቀኝ እግሯ ነው ይበልጥ የሚያብጠው» አለች። «ለምትተካሽ ንገሪያት።»

መኪኖቹ ወጡ።

ወደ አሥር ሰዓት ላሞቹ መጮኽ ጀመሩ። ጡታቸው የሞላ ስልሳ ላሞች አንድ ላይ ሲያለቅሱ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ዊሌሚን መሄድ ነበረባት፤ ሰዓት ሲሞላ ትጠፋለች፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። አልሄደችም። ምድጃው አጠገብ፣ ኮቷን ሳትለብስ፣ ቆማ ቀረች። እማማ ዲና መኪኖቹ ከሄዱ ወዲህ አልረገሟትም፤ ውጪም አላሏትም።

«ሀርመንን ጥሪልኝ» አሉ በመጨረሻ።

ጠራችው። ለምን ብሎ አልጠየቀም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ስምንት ሰው መጣ። የእንጨት ጫማዎቻቸውን በር ላይ ደርድረው ገቡ። ሀርመን ከጣሪያው ሥር የአባቱን የባልዲ ማለቢያ መሣሪያ አውርዶ ይዞ መጥቷል፤ ሪኪ ሾርባ በድስት። ልጅቷ ምን አደረገች የሚል የለም። የሚጠየቅበት ቀን ይመጣል፤ ዛሬ ላሞቹ አሉ። ሀርመን የድሮ የቀን መቁጠሪያ ቀደደና በጀርባው መስመር አሰመረ።

«ጠዋት ጠዋቱን እኔ» አለ። «ጥጃዎቹን ሪኪ። ታይስ ዛሬ አያት ስለሆነ አይቆጠርም።»

«ልቆጠር እንጂ» አለ ታይስ። ዓይኑ ቀልቷል። «ሕፃኑን እኔ አይደለሁ የማጠባው። ደሙም ለልጄ ደርሶላታል፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ዊሌሚን ዓይኗን ጨፈነች።

«እንግዲያ የማታውን ውሰድ። ሐሙስን እኔና አንተ እንካፈላለን።» ሀርመን እርሳሱን ምላሱ ላይ አስነካ። «ዊሌሚን ደግሞ ማክሰኞን ትይዛለች። እጇ ለስላሳ ነው፤ ላሞቹ ይወዷታል።»

እማማ ዲና ቀና ብለው አዩዋት። አሁን ይናገራሉ ብላ ጠበቀች። ቢናገሩ ይሻላት ነበር። ሁሉም ዞር ብለው እንደ ሌባ ቢያዩዋት ይቀላት ነበር።

እማማ ዲና ወረቀቱን በጣታቸው ወደ ሀርመን ገፋ አደረጉለት።

«ጻፋት» አሉ።

ሀርመን ጻፈ። ዊሌሚን። መሥሪያ ቤቱ ነገ ከየመዝገቡ የሚፍቀው ስም፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከታይስ ስም ሥር።

ኮቷን ከማንጠልጠያው አወረደች። ሪኪ ሾርባ እየቀዳች ዞር ብላ፣ «ሳትበይ?» አለቻት። ከዚያ ስለ ባልዲዎቹ ክርክር ተነሳ፤ አንዱ ይበቃል፣ ሌላው አይበቃም።

በር ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች መካከል የራሷን ፈልጋ አጠለቀች። ክርክሩ ቀጥሏል። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ቀስ ብላ ሳበችው።